ቀኑን እኔ ነኝ የነካሁት

አሮጌ ኮምፒውተር ሲሞቅ ሽታ አለው። የተጠበሰ አቧራ፣ የለሰለሰ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ደግሞ የተለበለበ ጠጉር የሚመስል። ባለፈው ሐምሌ ቦንጋ ቤቴ ውስጥ ያ ሽታ ሲነሳ ሌሎቹ ስለ ኢንተርኔቱ ይጨነቁ ነበር። እኔ ግን የአቶ ታፈሰ ሬዲዮ መጣብኝ። ያንን ሬዲዮ ካሸተትኩ ስድሳ ዓመት አልፎኛል። ሽታው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ልናገር፣ ከዚያ ወደ ልጅነቴ እሄዳለሁ። መሀል ላይ ያለውን ዕድሜ አላወራም። ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ፤ ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩ የልጅ ልጄ የምህረት ነው። ተዛውሮ ከሚሄድ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የተገዛ፣ ያገለገለ፣ ሳጥኑ ማር እንደሞላ ቀፎ የሚከብድ። ውስጡ ያለችው እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ የሆነች ባትሪ ሞታለች። እሷ ስለሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳዋል። ሲነሳ ምህረት ገና ያልተወለደችበትን ዓመት ይናገራል። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቀን ማስተካከል ነበረባት። ፊደል ላይ ደካማ ብሆንም ቁጥር ላይ ማንም እንደማይቀድመኝ ስለምታውቅ ለእኔም አሳየችኝ። አንዳንዴ እሷ፣ አንዳንዴ እኔ እናስተካክለው ጀመር።

እሷ የምታስገባው የፈረንጁን ቀን ነው። ለእኔም በወረቀት ጽፋ ትሰጠኛለች፤ እያየሁ አስገባለሁ። ብዙ ጊዜ እንደዚያ አደረግሁ። አንድ ማለዳ ግን፣ እሷ ሳትነሳ፣ ከበደኝ። ቤቱ የእኔ። ጠረጴዛው የእኔ። የሐምሌ ዝናብ ጣሪያዬን እየደበደበ የምን ሌላ ወር ነው? ያልኖርኩትን ስምንት ዓመት ለምን እጽፋለሁ? ሐምሌ አስራ አንደኛ ወር ነው፤ አስራ አንድ አልኩት። ዓመተ ምህረቱን የእኛን አስገባሁ። ሰዓቱንም ጭምር በእኛ አደረግሁት። ደስ አለኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ ልክ የሆነ ነገር ምን ይወራል ብዬ።

ያ ቀን ምህረት ቅጽ የምትሞላበት የመጨረሻው ቀን ነበር። የአዋላጅ ነርስ ሥልጠና። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ብቻ። የምስክር ወረቀቷ ታርሞ እጇ የገባው በዋዜማው ስለሆነ ከዚያ ቀደም መሙላት አልቻለችም። እናቷ ማለት የእኔ ልጅ፣ እሷን ስትወልድ ነው የሞተችው። ስለዚህ ምህረት ይህን ሥልጠና ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ እንጀራ ፍለጋ ብቻ አልነበረም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገጹ አልከፈት አለ።

መምህር ደሳለኝ የሚባል የሂሳብ አስተማሪ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሳቂታ፣ ሁሉን ነገር ፈትቶ ካላየ የማይተኛ ሰው ነው። ምህረት ጠራችው።

"ዋይፋዩ ይዟል እኮ መምህር። ይዟል ይላል። ገጽ ግን አይከፍትም።"

"ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው።"

"ሦስቴ አጥፍቻለሁ።"

"አራተኛ ሞክሪ። ሞደም እንደ ተማሪ ነው፤ ሦስቴ ተጠርቶ አቤት አይልም።"

ሞደሙ ጠፋ፣ በራ። መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ። ገጹ አልከፈተም። መምህሩ ከክፍሉ ረጅም ሽቦ አምጥቶ ኮምፒውተሩን ከሞደሙ ጋር በሽቦ አገናኘው። አልከፈተም። የይለፍ ቃሉን አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። ፓኬጁ አልቆ እንደሆነ አየ፤ ገና ብዙ ቀርቶታል። የራሱን ስልክ ዳታ አብርቶ በዚያ ሞከረ። ስልኩ ላይ ሁሉም ነገር ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ምንም።

"እና በስልክሽ አትሞይውም?" አልኳት።

"ሰርተፍኬቱን አይቀበለኝም አባባ። ግማሽ መንገድ ወስዶ ይወረውረኛል።"

"ገበያ ጋ ያሉት ኮምፒውተር ቤቶችስ?"

"በዚያ በኩል ከንጋት ጀምሮ መብራት የለም። እትዬ ትዕግስትን ደወልኩላት፤ ስልኳም ዝግ ነው።"

እትዬ ትዕግስት ኮምፒውተር ቤት ያላት ሴት ናት። እንግዲህ በዚያ ቀን መብራትም ኮምፒውተርም አንድ ላይ ያለው በእኔ ቤት ነበር። መምህሩም "ዕድለኞች ነን እኮ" አለ።

ቀጥሎ በካቻቪቴ ሳጥኑን ከፍቶ አቧራውን በአፉ እፍ አለው። ሽታው ክፍሉን የሞላው ያኔ ነው። መልሶ ሲያስነሳው ስክሪኑ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። ከሳጥኑ ሳይሆን ከገጹ የመጣ ነው አለ መምህሩ፤ ጠዋትም መጥቶ ሳያነቡት ዘግተውት ነበር።

"ምን ይላል?" አለች ምህረት።

"ግንኙነቱ አይታመንም ይላል። ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል።"

ሦስታችንም ጥጉን አየን። መምህሩ ሲያስነሳው ከሶኬት አልነቀለውም ነበር፤ ያስገባሁት ቀን እንዳለ ነው። አስራ አንደኛው ወር፣ የዕለቱ ቀን፣ የያዝነው ዓመት። መምህሩ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ደቂቃው ሳይቀር ገጠመለት።

"ቀኑም ሰዓቱም ልክ ነው" አለ።

"ልክ ነው" አለች ምህረት።

እኔም ልክ ነው አልኩ። እንዲያውም ከሁሉ ጮክ ብዬ።

ማሽኑ አረጀ፣ ይዘባርቃል ተባለ። መምህሩ ካቻቪቴውን ይዞ ወደ ሳጥኑ ተመለሰ። ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እኔ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና ሽታው ይዞኝ ሄደ።

አባቴ የማንኪራ ሰው ነው፤ ከቦንጋ ወጣ ያለ ገጠር። የጫካ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። ቡናው ያለበትን ጫካ አንድ ባለመሬት "የእኔ ነው" ብሎ ቦንጋ ፍርድ ቤት ከሰሰው። አባቴ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይሰማል፤ ፊደል ግን አንድ አያውቅም። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ፣ እኔ አስር ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ እጄን ይዞ ቦንጋ አመጣኝና ለማመልከቻ ጸሐፊው ለአቶ ታፈሰ ሰጠኝ። ስምምነታቸው እንዲህ ነበር። እኔ ቤቱን እጠርጋለሁ፣ ውሃ እቀዳለሁ። አቶ ታፈሰ ለአባቴ ማመልከቻ ይጽፋል፤ እኔን ፊደል ያስቆጥረኛል፤ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት ያስገባኛል።

አባቴ ሲለየኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ እንዲህ አለኝ፦ "እዚህ የማስቀምጥህ ለመብላት አይደለም። ከቤታችን የመንግሥትን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም። አንተ እወቅልኝ።"

ቀን የሚታወቅ ነገር መሆኑን ከዚያ በፊት አላሰብኩትም ነበር። እኛ ጋ ቀን በገበያ ነው የሚቆጠረው። ገበያው በዋለ ስንተኛው ነው ይባላል፤ በቃ።

አቶ ታፈሰ ከሸዋ የመጣ ቀጭን ሰው ነው። ሁለት ጣቶቹ በቀለም ጠቁረው ቀርተዋል፤ ሲበላም፣ ሲጸልይም፣ ሲቆጣም ጥቁር ናቸው። ቤቱ ውስጥ የሚኮራባቸው ሁለት ነገሮች ነበሩት። አንዱ ሬዲዮ ነው። እሱም ያገለገለ፣ ከአንድ ሐኪም የገዛው። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ ሆዱን እንደሚያመው ሰው ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ ሰው ይናገራል። ከጀርባው የወጣው ሽቦ በመስኮት አልፎ ደጅ ያለው ዋንዛ ላይ ይወጣል። ድምፁ ሲጠፋ ዛፉ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ።

"አሁንስ ጌታዬ?"

"ያፏጫል። ወደ ቀኝ ውሰደው።"

"አሁንስ?"

"ጭራሽ ጠፋ። የነበረበት መልሰው።"

"የነበረበትን ረሳሁት።"

"እንግዲያው እዚያው እደር፣ አንተ ጉሬዛ። ውረድ ያለህ የለም።"

ዝናብ እየወረደብኝ ቅርንጫፉን አቅፌ እቀመጣለሁ። ቅርፊቱ ያንሸራትታል፤ ጉንዳን በአንገቴ ይገባል። ሬዲዮው ድንገት ሲናገር አቶ ታፈሰ በመስኮቱ ብቅ ብሎ "አትንቀሳቀስ!" ይላል። ዜናው እስኪያልቅ እንደ ሽቦው ተሰቅዬ እቆያለሁ። ስወርድ ግን የገብስ ቆሎ በእፍኙ ይሰጠኛል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ዘግይቼ ነው።

ሁለተኛው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ በየቀኑ አንድ ወረቀት የሚገነጠልለት የቀን መቁጠሪያ ነው። የእኛ ቁጥር በትልቁ፣ የፈረንጁ ከታች በትንሹ። ጠዋት ተነስቶ ወረቀቷን መገንጠል የእኔ ሥራ ነበር። ስትገነጠል ትጮኻለች፤ ያቺን ድምፅ እወዳታለሁ። አቶ ታፈሰ በተገነጠለችው ጀርባ ላይ አንድ አንድ ፊደል ከነቤተሰቡ ይጽፍልኝ ነበር። ቁጥር ፊት ለፊት፣ ፊደል ጀርባ ላይ። ቁጥሩን ቶሎ ያዝኩት። ፊደሉ ላይ እስከ ነ ደርሰን ነበር።

አሁን የልጅ ሞኝነቴን ስሙ። እኔ ወረቀቷን ስገነጥል አዲስ ቁጥር ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ሲሞቅ ሰውየው ዛሬ ይህ ቀን ነው ብሎ ያንኑ ቁጥር ይናገራል። በየቀኑ። ሰውየው እኔን አያየኝም፤ እኔም አላየውም። ታዲያ ከየት አወቀ? እኔን እየጠበቀ ነው አልኩ። እኔ ካልገነጠልኩ ቀኑ አይመጣም። አንድ ጠዋት ፈተንኩት። ሳልገነጥል ተቀመጥኩ። ያን ጠዋት ደግሞ ዝናቡ ከባድ ስለነበር ሬዲዮው ሲያፏጭ ቆየ እንጂ ሰውየው ምንም አልተናገረም። አቶ ታፈሰ ወረቀቷን አይቶ "አልገነጠልካትም እንዴ?" ብሎ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ገነጠልኳት። ወዲያው ሬዲዮው ተናገረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? ከዚያ ጠዋት ጀምሮ የቦንጋንም የማንኪራንም ቀን የማመጣው እኔ እንደሆንኩ አወቅሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። አባቴ ሲሰማ ይኮራብኛል እያልኩ ሆዴ ውስጥ ያዝኩት።

የአባቴ ቀጠሮ ሐምሌ አስራ ሰባት ነበር።

አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ሊያጽፍ መጥቶ ቁጭ ብሎ ሳለ አቶ ታፈሰ ስለ አባቴ ሲያወራ ሰማሁት። "ያ የማንኪራው ሰውዬ አያሸንፍም" አለ። "አንድ ምስክር ነው ያለው፤ እሱም ሲናገር ይንተባተባል። በአስራ ሰባት ጫካውን ይነጥቁታል።" አዝኖ ነው ያለው። እኔ ግን የሰማሁት አስራ ሰባትን ብቻ ነው። ጫካው የሚነጠቀው በአስራ ሰባት ከሆነ፣ አስራ ሰባትን የማመጣው ደግሞ እኔ ከሆንኩ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አላመጣውም።

ሐምሌ አስራ አራት ቀን አቶ ታፈሰ ለራሱ ጉዳይ ጅማ ሄደ። የሬዲዮውን ባትሪ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። "ሬዲዮዬን ብትነካ ጣትህን እቆርጠዋለሁ" አለኝ። "ወረቀቷን ግን እንዳትረሳ። ከረሳህ ስመለስ በየትኛው ቀን እንደምኖር አላውቅም።" እየቀለደ ነው። ለእኔ ግን ማረጋገጫ ነበር። እሱም ያውቃል ማለት ነው አልኩ።

በማግስቱ አልገነጠልኩም። ወረቀቷ ፊት ቆሜ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አየኋት። አስራ አራት። ደጅ ወጣሁ፤ ያው ዝናብ፣ ያው ጭጋግ፣ ያው ጭቃ። በሦስተኛውም ቀን ያው። ፀሐይ አልወጣችም። ሰዎች ትናንት በሄዱበት መንገድ ይሄዳሉ፤ ትናንት የለበሱትን ለብሰዋል። ሠርቷል አልኩ። ቀኑ ቆሟል። ፍርሃትም ኩራትም አንድ ላይ ያዘኝ።

አባቴ የመጣው በዚያ ቀን ከሰዓት ነው። በእውነቱ አስራ ስድስት ማለት ነው። ከማንኪራ በእግሩ መጥቶ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። በቅል ማር ይዟል።

"ነገ ነው አይደል?" አለኝ ገና በሩ ላይ ሆኖ። "በገበያ ቆጥሬ ነው የመጣሁት።"

"አይደለም" አልኩት። "ገና ነው።"

"ገና ነው?"

"ና እይ።"

ወደ ግድግዳው ወሰድኩት። ቁጥሩን በጣቴ እያሳየሁ አስራ አራት ነው አልኩት። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ግን ወረቀቷን እንደ ዳኛ ፊት ቆሞ አያት። ከዚያ በጣቶቹ ገበያውን መቁጠር ጀመረ። አንዴ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ትክክል ቆጥሮ ነበር እኮ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ አባቴ ትክክል ቆጥሮ ነበር።

"እኔ ተሳስቼ ይሆናል" አለ በመጨረሻ። "ወረቀቱ ካለ ወረቀቱ ነው። ሦስት ቀን ካለኝ ሌላ ምስክር አመጣለሁ። ንብ አርቢው ሽማግሌ አለ፤ እሱ አፉ ደህና ነው፤ ጫካውን ከአያቴ ጀምሮ ያውቀዋል።"

ማሩን ለአቶ ታፈሰ ብሎ አስቀመጠ። ራሴን በእጁ መዳፍ ያዘኝ፤ መዳፉ ሰም ሰም ይሸታል። "ጎበዝ" አለኝ። "ለዚህ ነው ያስቀመጥኩህ።" ብሎ በዚያ ዝናብ ተመልሶ ሄደ። እኔ ከኋላው ቆሜ ሳቅሁ። ጫካችንን አድኜ ነበርና።

ከሦስት ቀን በኋላ ሁለት ምስክር አስከትሎ ቀጥታ ፍርድ ቤት ሄደ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ምስክሮቹ አብረውት አልነበሩም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና ጋቢውን ጨመቀ። ብዙ ጊዜ ጨመቀው፤ ውሃው ካለቀ በኋላም ይጨምቅ ነበር።

"ከትናንት ወዲያ ነበር" አለ። "በሌለሁበት ፈረዱ። ሄደ።"

ጫካው ሄደ ማለቱ ነው። አስራ ሰባት እኔ ሳላመጣው መጥቶ፣ አባቴን አጥቶ፣ አልፎ ሄዷል። ቀኑን የማመጣው እኔ አልነበርኩም። ይህን ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። አባቴ ወደ ደጅ ሲያይ ወደ ግድግዳው ሮጬ አምስቱን ወረቀት በአንድ ጊዜ ገነጠልኩና ሸሚዜ ውስጥ ደበቅሁ። ድምፁን በሳል ሸፈንኩት።

አቶ ታፈሰ ከጅማ የተመለሰው በዚያው ቀን ነው። ገና ካባውን ሳያወልቅ አባቴ ተነሳበት።

"ወረቀትህ ዋሸኝ" አለው ባለችው አማርኛ።

"የቱ ወረቀት?"

"የቀን ወረቀት። አስራ አራት አለኝ። አስራ አራት አልነበረም።"

አቶ ታፈሰ ወደ ግድግዳው ዞረ። "ወረቀቴ ምን ሆነ? ይኸው አስራ ዘጠኝ ይላል። ዛሬ አስራ ዘጠኝ ነው። ሬዲዮም ጠይቅ፣ ቄስም ጠይቅ።"

አባቴ ወረቀቷን አያት። ቁጥሩን ባያውቅም መልኩ መለወጡን አወቀ። ፊቱ ጠቆረ። "ቀይረኸዋል" አለ። "ያ ባለመሬት ከፍሎህ ነው።"

"እኔ ጅማ ነበርኩ እኮ! ልጁን ጠይቀው። እዚህ የነበረው እሱ ነው። አንተ ልጅ፣ ተናገር እንጂ።"

ሁለቱም አዩኝ። ወረቀቶቹ ሆዴ ላይ ይወጉኛል። አቶ ታፈሰ የሚያየኝ እውነት እንደምናገርለት ሰው ነው። አባቴም እንደዚያው።

"አላውቅም" አልኩ።

አባቴ እጄን ያዘኝና ወጣን። ማሩ እዚያው ቀረ። ትምህርት ቤቱም እዚያው ቀረ፤ ስለ መስከረም ዳግመኛ ያነሳ የለም። እስከ ማንኪራ ድረስ ዝናብ ወረደብን። ወረቀቶቹ ሆዴ ላይ ሟሙ፤ ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ቀለሙ ሆዴ ላይ ቀርቷል፤ ቁጥሩ አይለይም። መንገድ ላይ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። "ወረቀት አይዋሽም። ሰው ነው የዋሸን።" ይህንኑ እንዳመነ ሞተ። የማንኪራ ሰው ከዚያ ወዲህ አቶ ታፈሰ ዘንድ ማመልከቻ አላጻፈም፤ በጉቦ ቀን የሚለውጥ ሰው ነው ተባለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቦንጋን ለቆ ሄደ አሉ።

እኔ አልተናገርኩም። ለአባቴም፣ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም።

"አባባ፣ ተኝተዋል?"

ምህረት ናት። አልተኛሁም። አስራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። መምህሩ ሳጥኑን ሲፈታና ሲገጥም ውሎ እጁ ተላልጧል። ምህረት ወንበሯ ላይ ሰርተፍኬቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። አታለቅስም። ከዚያ ስልኳ ጮኸ። ሁላችን እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ እትዬ ትዕግስት ናት።

"ምህረትዬ፣ ደውለሽ ነበር? ስልኬ ሞቶ ነበር፤ መብራቱ አሁን ገና መጣ።"

"አለቀ እትዬ። ኮምፒውተሬ ቀኑን ሙሉ ገጽ አልከፍት አለኝ። ኔትወርክ አለው፤ አይከፍትም።"

"ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል ምናምን ይላል?"

"ይላል። ግን አይተነዋል፤ ቀኑ ልክ ነው።"

"ልክ በማን? በእኛ ነው በፈረንጅ?"

መምህሩ ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ግንባሩን ያዘ።

"የእኛን ካስገባችሁለት እኮ ስምንት ዓመት ኋላ ነው ያለው" አለች እትዬ ትዕግስት። "እነዚያ ገጾች ፊርማ አላቸው። ፊርማው የተፈረመበት ቀን ለእሱ ገና አልደረሰም። ያልደረሰ ፊርማ ደግሞ አያምንም። የፈረንጁን አድርጊለት፣ አሁን ይከፍታል። ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ።"

ምህረት ጥጉን ነካች። ወሩን ለወጠች፣ ዓመቱን ለወጠች፣ ሰዓቱን ለወጠች። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ገጹ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ እንደነበረ ሁሉ ብልጭ ብሎ መጣ። ምዝገባው ተጠናቋል የሚል ነበር። ሌላ ምንም የለውም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መምህሩ "ሂሳብ አስተምራለሁ እላለሁ" አለ ለራሱ። "ዓይኔ እያየ።"

"እርስዎ ምን ያርጉ" አለችው ምህረት። "እኔ እሆናለሁ። ጠዋት በእንቅልፍ ልቤ ነው የተነሳሁት፤ ነክቼው ይሆናል። በራሴ እጅ።"

እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። የሚጠይቀኝም አልነበረም፤ ራሷ ወስዳዋለች። አላውቅም ማለት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

"አንቺ አይደለሽም" አልኳት። "እኔ ነኝ። በማለዳ አስገባሁት።"

ሁለቱም ዞሩ። ከዚያ የአቶ ታፈሰን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ወረቀቷን፣ አስራ አራትን፣ አባቴ በጣቱ መቁጠሩን፣ "አላውቅም" ማለቴን። ለማንም ያልተናገርኩትን በአንድ ትንፋሽ። መምህሩ ቀስ ብሎ ወጣ። ምህረት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ግን እንደማልችል ታውቁኛላችሁ አሁን።

"ቀኑ ግን ልክ ነበር" አልኳት። "የእኛ ቀን ነው።"

ምህረት ሰርተፍኬቷን አጠፈችና ፕላስቲኩ ውስጥ መለሰችው።

"ያኔ ልጅ ነበሩ፣ አባባ" አለችኝ። "አሁንስ?"

ሰኞ ዕለት ወደ ደካ ከተማ ሄደች፣ አክስቷ ሱቅ ልትሠራ። የሥልጠናው ምዝገባ ዳግም መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሻንጣዋን እኔ ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። አልከለከለችኝም። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ መስኮቱ ስር ቆምኩ፤ ብዙ ሰው ስለሌለ ለመሙላት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ እስኪነሳ ድረስ መስኮቱን አልከፈተችውም።